ካራቫኑ የሚወዛወዘው በጎማ ባላንስ አይደለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከባሕር ዳር እንግዳ እየወሰድኩ ጣና ዳር የማሳድር ሰው ነኝ። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለኝ፤ ባለ አንድ አክስል ትንሽ ካራቫን እጎትትበታለሁ። ካራቫኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ባዶ ክብደት 680፣ ከፍተኛ 1000 ኪሎ ይላል። መጀመሪያ ጎርጎራ ስወስደው የመኪናው ኋላ ቁጭ አለ፣ መሪውም ቀለለኝ። ጋራዥ ወስጄው ባሌስትራ ጨመሩልኝ። ከፊት የነበሩትን የውኃ ታንከርና ጄኔሬተርም ወደ ካራቫኑ ኋላ አዛወሩት። አሁን መኪናው ቀጥ ብሏል፤ ነገር ግን ከ70 ሳልፍ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ካራቫኑ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ጎማ ባላንስ አሠራሁ፤ ለውጥ የለም። አንድ ሰው ‹ረዳትህን ካራቫኑ ውስጥ ከፊት አስቀምጠው› ብሎኝ ሞከርኩ፤ ትንሽ ተሻለው። መጎተቻው ጋ ደግሞ ስቆም ስነሳ የሚንኳኳ ነገር ነበር፤ በያጅ አያይዞልኝ ጸጥ ብሏል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ረዳትህን ከካራቫኑ አውጣው። ዛሬውኑ። የሚሄድ ተሳቢ ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ቀበቶ የለውም፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ መጎተቻው ቢነቀል ልጁን የሚያተርፈው ነገር የለም። እዚያ አስቀምጠው ያለህ ሰው ምን እንዳለ አላወቀም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። «ወደ ካራቫኑ ኋላ አዛወሩት» የምትለው ጋ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። ካራቫንህ ኋላው ከብዷል፣ አፍንጫው ቀሏል። ለባላንስ፣ ለአላይመንት፣ ለመሪ ዕቃ ተጨማሪ ብር አታውጣ። ረዳትህ ከፊት ሲቀመጥ መሻሉ ራሱ ማስረጃ ነው። አንድ ሰው ወደ ፊት መጥቶ ከተሻለው፣ የጎደለው እዚያ የነበረ ክብደት ነው። ያንን በዕቃ እንተካዋለን።

መጀመሪያ ጎርጎራ ስትሄድ ችግርህ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ያኔ አፍንጫው ከልክ በላይ ከብዶ መኪናውን ተጭኖታል። ጋራዡ ደግሞ ሳይመዝን፣ በዓይኑ ብቻ አይቶ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደህ። ሚዛን እያለ በግምት መሥራት ምን የሚሉት ሙያ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን ነገር በደንብ ማስረዳት እወዳለሁ። ገበያ መንገድ ላይ ባለ ሁለት ጎማ የአህያ ጋሪ አይተሃል። ጫኙ ጆንያውን ከጎማው ኋላ ካበዛው፣ የጋሪው እንጨት ወደ ሰማይ ይነሳና አህያዋን በጠፍሩ አንጠልጥሎ ይይዛታል። ፊት ላይ ካበዛው ጀርባዋ ይጎብጣል። የሚያውቅ ጋሪ ነጂ ጥቂት ክብደት ብቻ ጀርባዋ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይጭናል። በካራቫንህ አክስሉ የጋሪው ጎማ ነው፤ መኪናው ኋላ ላይ ያለው፣ ካራቫኑ የሚገጠምበት የመጎተቻ ኳስ የአህያዋ ጀርባ ነው።

ሰው የሚስተው ርቀቱን ነው። «45 ኪሎ ያው 45 ኪሎ ነው፤ የትም ብታስቀምጠው» ይላል። ለጠቅላላው ክብደት እውነት ነው። ለኳሱ ግን ሐሰት ነው። ለኳሱ የዕቃውን ክብደት ከአክስሉ ባለው ርቀት ታባዛለህ፤ ከዚያ ከአክስል እስከ ኳስ ላለው ርቀት ታካፍላለህ። ያንተን ስላልለካሁ ለምሳሌ ከአክስል እስከ ኳስ 3.2 ሜትር ነው እንበል። ታንከርህ 120 ሊትር ቢይዝ ሲሞላ ውኃው ብቻ 120 ኪሎ ነው። ከአክስሉ 1.3 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ 120 ሲባዛ በ1.3፣ ሲካፈል ለ3.2፣ ወደ 49 ኪሎ ከኳሱ ላይ ያነሳል። ጄኔሬተሩ 45 ኪሎ ሆኖ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ሌላ 21 ኪሎ ያነሳል። ሁለቱ ብቻ 70 ኪሎ ቀነሱ ማለት ነው።

ቆይ፣ ገና ነው። ታንከሩ ያኔ ከአክስሉ ፊት በዚያው ርቀት ተቀምጦ ከነበረ፣ ኳሱ ላይ 49 ኪሎ ይጨምር ነበር። አሁን 49 ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ታንከር መዛወር ብቻ ኳሱ ላይ የ98 ኪሎ ልዩነት መጣ። ኩንታል ሊሞላ ሁለት ኪሎ የቀረው! ያኔ መኪናህ ለምን ቁጭ እንዳለ፣ አሁን ደግሞ ካራቫኑ ለምን እንደሚወዛወዝ ይህ አንድ ቁጥር ይነግርሃል።

ሌላም አለ። ከባድ ነገር ከአክስሉ ርቆ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ አንዴ መዞር ከጀመረ ማቆም ይከብዳል። ሲኖትራክ በጎንህ አልፎ ነፋሱ ሲገፋህ ካራቫኑ ትንሽ ይዞራል። አፍንጫው የሚገባውን ያህል ከከበደ ቶሎ ይረጋል። ከቀለለ ግን ኋላ ያለው ታንከር ይዞት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል። ግማሽ የሆነ ታንከር ከሆነማ ውኃው ራሱ ውስጥ እየተላጋ ያግዘዋል።

የመኪናህም ኋላ በዚያው ሕግ ይሠራል። በዚህ ዘመን ሃይሉክስ ደብል ጋቢና የፊትና የኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 3.085 ሜትር ነው። ኳሱ ከኋላ አክስል 1.25 ሜትር ቢርቅ፣ ኳሱ ላይ ያረፈ 100 ኪሎ የኋላ አክስልን በ140 ኪሎ ይጫነዋል። ትርፉ 40 ኪሎ ከፊት ጎማዎች የተወሰደ ነው። ኳሱ ላይ 180 ካረፈ ኋላ 253 ይጨምራል፣ ፊት 73 ይቀንሳል። መሪው የቀለለህ በዚህ ነው።

ስለ ባሌስትራው አንድ ነገር ልበል። ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን ኋላ ከፍ ያደርገዋል። ክብደቱን አይቀንስም፣ አክስሉ ከተፈቀደለት በላይ እንዲሸከም አያደርገውም፣ ከፊት የጠፋውን ጫና አይመልስም። በዓይን ሲታይ ግን ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ደንበኛው ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ደግሞ ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ቅጠል ነው፤ ርዝመቱም ጉብጠቱም አይገጥምም። ክብደቱን ካስተካከልክ በኋላ ያንን ቅጠል አስወጣው። ኳሱ ከፍ ሲል ካራቫኑ አንጋጦ ይሄዳል፤ ይህም ከኳሱ ላይ ክብደት ይቀንሳል። ተገጥሞ ሲቆም ካራቫኑ ሜዳ ላይ አግድም መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሁሉን ነገር እንደ መንገድ ጫን፤ ጋዙን፣ ፍራሹን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን። ሰው ግን አትጫን። ወደ ምድር ሚዛን ሂድ፤ የጭነት መኪና የሚመዝኑበት ማለቴ ነው። ካራቫኑን ፍታና ለብቻው ይመዘን። ያ ጠቅላላ ክብደቱ ነው። ከ1000 ካለፈ ሌላው ወሬ ሁሉ ይቁም፤ ዕቃ አውርድ። ከዚያ መኪናውን ካራቫኑ ተገጥሞ፣ የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው መዝን። ነዳጅ ሞልተህ፣ ሰዎችህን ይዘህ። ያ ቁጥር በመኪናው በር መቃን ላይ ከተለጠፈው ጠቅላላ ክብደት መብለጥ የለበትም። ኳሱ ላይ ያረፈው ክብደት የመኪናው ጭነት ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። አምስት ሰው፣ ካሶኒ ላይ ሻንጣ፣ በዚያ ላይ 100 ኪሎ በኳስ ሲታከል ሃይሉክስም ይሞላል።

የኳሱን ክብደት ለመመዘን የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል፤ ኩንታል የሚመዘንበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው። ደልዳላ ቦታ ፈልግ። ሳትፈታ በፊት የካራቫኑን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ፍታውና የመጎተቻውን አፍ ሚዛኑ ላይ ባቆምከው ጠንካራ እንጨት ላይ አሳርፍ። እንጨቱን ቁረጠው፤ አፉ መኪናው ላይ ሲገጠም ባለው ከፍታ ልክ ይሁን። ከፍታው ከተለየ ቁጥሩም ይለያል። እግርህን ከሥሩ አታስገባ። ያነበብከው ቁጥር የካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሁን። 1000 ኪሎ ከሆነ ከ80 እስከ 120 ማለት ነው። መጎተቻው ላይም ሆነ የካራቫኑ አፍ ላይ የተጻፈ የኳስ ገደብ ካለ ትንሹን ቁጥር አክብር። 75 ካለ 75 ነው።

እኔ ብሆን ታንከሩን ከአክስሉ በላይ፣ ቢበዛ አንድ ክንድ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ዝቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ጄኔሬተሩን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት። ከ1.5 ሜትር ኋላ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ፊት ብቻ ስታመጣው ኳሱ 25 ኪሎ ያገኛል። ፍራሽና ትራስ ኋላ ይሂዱ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ታንከሩን ባዶ መውሰድ ነው። ቆላ ድባ ወይም ጎርጎራ ስትደርስ ሙላው። 120 ኪሎ በአንዴ ወረደልህ።

ምክንያቱም ሒሳቡ ጠባብ ነው። 1000 ሲቀነስ 680፣ የቀረህ 320 ኪሎ ነው። ውኃ 120። ጄኔሬተር 45። ሁለት የ100 አምፒር ባትሪ ወደ 60። ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ ወደ 27። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ 34። ድምሩ 286። ለምግብ፣ ለዕቃ፣ ለፍራሽ፣ ለወንበር የቀረህ 34 ኪሎ ነው። አንድ ሁለት ሣጥን ለስላሳ ስትጨምር አለቀ። ደግሞ ያ 680 ካራቫኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ነው። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ካስገጠምክ፣ አልጋውን በብረት ካሠራህ፣ ባዶ ክብደቱ ዛሬ 680 አይደለም። እኛ አገር በያጅ ብረት ሲጨምር አይሰስትም፤ ወፍራም ከሆነ ጠነከረ ይላል። ባዶውንም አስመዝን።

አሁን የሚያስፈራኝ ጋ ደረስኩ። ሲንኳኳ የነበረውና በያጅ ያያያዘው ነገር ምን እንደሆነ ስጠረጥር፣ ተንሸራታቹ የመጎተቻ ዘንግ ነው። የዚህ ዓይነት ካራቫን ብዙውን ጊዜ የራሱ ፍሬን አለው። መኪናህ ሲቆም ካራቫኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ዘንጉ ይንሸራተታል፣ የፍሬኑን ገመድ ይስባል። ዘንጉ ሲያልቅ ወይም ውስጡ ያለው ግፊት የሚያበርደው ዕቃ ሲሞት መንኳኳት ይጀምራል። በያጁ ዘንጉን ከነቤቱ አያይዞት ከሆነ፣ ዝምታው የመጣው ፍሬኑ ስለሞተ ነው። አሁን 1000 ኪሎ ያለ ፍሬን እየጎተትክ ነው ማለት ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በተለመደው ደንብ ገደቡ 750 ኪሎ ነው፤ ብዙ ፒክአፕ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው።

ሥሩ ገብተህ እየው። ዘንጉን የሸፈነው ላስቲክ ተቃጥሎ፣ ቅባቱ ከስሎ፣ የብየዳ እንጥብጣቢ ካየህ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። በግራይንደር ቆርጠህ እንደገና አትጠቀምበት። እሳት የነካው ዘንግ አይታመንም። የመጎተቻውን ራስ ሙሉውን ቀይረው፤ ለ1000 ኪሎ የተሠራ መሆኑን ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሲገዛ ርካሹን የሚያሳዩህ ብዙ ናቸው። ከቀጭን ላሜራ የተጫነ፣ ቀለሙ ያማረ፣ ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት። አትንካው። እስኪቀየር ድረስ ካራቫኑ ከግቢ አይውጣ።

ኳሱንም ለካ። በካሊፐር 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ያንተ ካራቫን የአውሮፓ ከሆነ። የአሜሪካው ሁለት ኢንች 50.8 ነው፤ ለመግባት ያስቸግራል፣ አፉን ይበላዋል። 47.6 የሆነ ትንሽ ኳስም ገበያ ላይ አለ። እሱ ይገባል፣ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ይወጣል። መጎተቻውን ከሻንሲው ጋር የያዙት ቡሎኖች ራስ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ፈልግ። ምልክት የሌለው ቡሎን ለአጥር በር ነው። ሁለት ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር አመሳቅለህ እሰር፤ ካራቫኑ ቢነቀል አፍንጫው መሬት ከመድረሱ በፊት ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

ጎማዎቹ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። 175/70 አር 13 82 የሚል የቤት መኪና ጎማ ከተገጠመ፣ 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል። ሁለቱ 950። ለ1000 አይበቃም። ቢያንስ 84 ይሁን፤ እሱ 500 ነው። ቢበልጥ ደግሞ ይሻላል። በአራት አኃዝ የተጻፈውን የተሠራበትን ጊዜም እይ፤ 3218 ካለ በ2018 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የካራቫን ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ቆሞ ያረጃል። ጎሚስታው «ገና አዲስ ነው» ቢልህም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጣለው። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።

ስለ አነዳዱ ብዙ አልልም፤ ታውቀዋለህ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ገና ስትነሳ ከጉልበቱ ወደ 18 በመቶ ያጣል። ተርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም። ፎገራ ሜዳው ላይ ምንም አይሰማህም፤ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው ዳገት ነው የሚፈትንህ። ፍሪሲዮን ከሸተተህ ከብዶሃል። ቁልቁለቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሽ አውጥተህ አትልቀቀው። ቢወዛወዝ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ በራሱ እስኪረጋ ጠብቅ። ፍሬን አትርገጥ፤ በፍጥነት ላመልጠው አትበል። ሁሉም ተስተካክሎም ቢሆን ከ70 አትለፍ።

የመጀመሪያውን ሙከራ እስከ ወረታ አድርገው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። እዚያ ቁምና የካራቫኑን ጎማዎች እያንዳንዳቸውን መሐላቸው ላይ፣ ዳዶዎቹ ያሉበትን፣ በእጅህ ጀርባ ንካ። ከሌላኛው ለይቶ የሚያቃጥል ካለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ነው። የጎማውን ዳዶዎችና የመጎተቻውን ቡሎኖች እንደገና አጥብቅ። ረዳትህ ከአንተ ጋር ጋቢና ውስጥ፣ ቀበቶ አስሮ ይቀመጥ። ቦታ ከሌለ አንድ እንግዳ ቀንስ ወይም እሱ በታክሲ ይምጣ፤ ወደ ካራቫኑ ግን እንዳይመለስ።

ከሚዛኑ ያገኘኸውን ሦስት ቁጥር ጻፍልኝ፦ የካራቫኑን ጠቅላላ፣ የኳሱን፣ የመኪናውን። ከአክስሉ እስከ ኳሱ ያለውንም በሜትር ለክተህ ጨምርበት፤ ታንከሩን የት ላይ ብታስረው እንደሚሻል በሴንቲ ሜትር አስልቼ እልክልሃለሁ።